ነጭ ሽንኩርትና ጥቁር አዝሙድ ለዓሣ መኖ የሞከራችሁ አላችሁ?

ላህ_ማዶ (ፍኖተ ሰላም)
ሰላም ለዚህ ቤት። ከጓደኞቼ ጋር በማኅበር ሆነን ቀረሶ (ቲላፒያ) እናረባለን። ኩሬው 10 በ15 ሜትር ነው፣ ጂኦሜምብሬን (የፕላስቲክ ንጣፍ) የለውም፣ አፈር ነው። 400 ጫጩት ነበር የለቀቅነው። መኖው ፉሩሽካና የኑግ ፋጉሎ ግማሽ በግማሽ ነው፣ አንዳንዴ የጠላ አተላ እንጨምራለን። መጀመሪያ ላይ ደህና እያደጉ ነበር፣ አሁን ግን ባሉበት ቆሙ። በመረብ አውጥተን ስንመዝን አንዱ 60 ግራም አይሞላም። ከትናንት ወዲያ ደግሞ የተወሰኑት ጀርባቸው ላይ ጥጥ የመሰለ ነገር አየን። አንድ ሰው ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ጥቁር አዝሙድ ወቅጣችሁ ስጧቸው፣ በወር ውስጥ መዳፍ ያክላሉ አለን። ሌላው ሽፈራው ነው መድኃኒቱ አለ። አንዱ ጓደኛችን ደግሞ ከፋርማሲ ቴትራሳይክሊን ገዝተን እንበትን ብሎ ችክ ብሏል። የሞከረ ካለ መጠኑን ንገሩን። ለአንድ ኪሎ መኖ ስንት? ደስ የሚለው ነገር ተራብተዋል፣ የኩሬው ዳር ዳሩ በጥቃቅን ዓሣ ተሞልቷል።

ዘነዘና (ባሕር ዳር)
ወንድምዓለም፣ ምኑን ትጠይቃለህ፣ ስጥ! እኔ ነጭ ሽንኩርት ከመኖዬ አላጠፋም። በተለይ ጫጩት ከሩቅ አጓጉዤ ስለቅ። ሽታው ካለ ከሥር ተወርውረው ነው የሚመጡት። ዝንጅብሉም ጥሩ ነው። ጥቁር አዝሙድማ ምኑ ይወራል፣ ከሞት በቀር ሁሉን ያድናል ይባል የለ?

ሞኝህን_ፈልግ (ደብረ ማርቆስ)
ይኸው ተጀመረ። ኮሮና የገባ ጊዜ፣ በ2012፣ ሰው ሁሉ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ሲሻማ ዋጋው የት እንደደረሰ ረሳችሁት? አሁን ደግሞ ተራው የዓሣ ሆነ። ዘነዘና፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሽንኩርት ያልሰጠኸው ሌላ ኩሬ ጎን ለጎን አለህ? ከሌለህ ያደጉት በሽንኩርቱ ይሁን በመኖው ወይም በሙቀቱ በምን አወቅህ?

ዘነዘና (ባሕር ዳር)
የለኝም። ሲበሉ ግን አያለሁ። ዓይኔን ልጠራጠር?

የውሃ_ልክ (ባሕር ዳር)
ሁለታችሁም የያዛችሁት እውነት አለ፣ ስለዚህ ትንሽ ላስረዝመው። ነጭ ሽንኩርት በቀረሶ ላይ ብዙ ጊዜ ተሞክሯል፣ ግብፅ ውስጥ በተለይ። አሞካከሩ ሞኝህን_ፈልግ እንዳለው ነው። አንዱ ገንዳ ተራ መኖ ይበላል፣ ሌላው ያው መኖ ከዕፅዋቱ ጋር ይሰጠዋል፣ ከአንድ ወር እስከ ሦስት ወር ይቆዩና ይመዘናሉ። ከዚያ ነው ዋናው ፈተና የሚመጣው። ዓሦቹን በሽታ አምጪ ባክቴሪያ፣ አብዛኛውን ጊዜ ኤሮሞናስ የሚባለውን፣ ይወጓቸዋል። ከየገንዳው ስንት ሞተ፣ ስንት ተረፈ ብለው ይቆጥራሉ። ነጭ ሽንኩርት የበሉት በብዛት የተረፉባቸው ሙከራዎች ጥቂት አይደሉም። ደማቸው ሲመረመር ባክቴሪያ የሚውጡት ነጭ የደም ሴሎች ነቅተው ይገኛሉ፣ ላይሶዛይም የሚባለው ባክቴሪያ የሚሰብር ኢንዛይምም ይጨምራል። ዓሣ ያለፈ በሽታን ወይም ክትባትን የሚያስታውሰው የመከላከል ክፍሉ ከኛ ይልቅ ደካማ ስለሆነ በዚህ በመጀመሪያው አጥር ላይ ነው የሚኖረው፣ ለዚህ ነው አጥሩን የሚያጠብቅ ነገር የሚፈለገው።

ነገሩ ዓለም አቀፍ ወሬ የሆነው ደግሞ ያለ ምክንያት አይደለም። አውሮፓ ኅብረት ለማደለቢያ ብሎ አንቲባዮቲክ መኖ ውስጥ መጨመርን በፈረንጆች 2006 ሲከለክል ሰው በምትኩ ዕፅዋት ፍለጋ ገባ።

መጠኑን ለጠየቅከው፦ ሙከራዎቹ በብዛት የሚሠሩት ከአንድ ኪሎ መኖ ከ5 እስከ 30 ግራም ደረቅ የነጭ ሽንኩርት ዱቄት ነው። እኔ 10 ግራም ነው የምልህ። ያንተን እናስላው። 400 ዓሣ በ60 ግራም 24 ኪሎ ነው። በቀን የክብደታቸውን 3 በመቶ ከበሉ 720 ግራም መኖ ማለት ነው። ለዚያ 7 ግራም ዱቄት ይበቃል። እርጥቡ አብዛኛው ውሃ ስለሆነ 20 ግራም ገደማ ያዝ፣ አንድ መካከለኛ ራስ ማለት ነው። ለጠቅላላው ኩሬ፣ በቀን! ስለዚህ ሞኝህን_ፈልግ፣ ዋጋው ያን ያህል አያስፈራም።

ግን ልብ በል። ሥራ የሚሠራው አሊሲን የሚባለው ንጥረ ነገር የሚፈጠረው ሽንኩርቱ ሲደቅ ነው፣ ሳይደቅ የለም። ስለዚህ ወቅጠህ 10 ደቂቃ ገደማ አቆየው። ከመኖው ጋር አትቀቅለው፣ ሙቀት ያጠፋዋል። ገንፎው ከቀዘቀዘ በኋላ አስገባው።

ላህ_ማዶ (ፍኖተ ሰላም)
እናመሰግናለን የውሃ_ልክ፣ እንዲህ አድርጎ ያስረዳን ሰው የለም። ገንፎ ያልከው ምንድን ነው? እኛ እኮ ደረቁን ነው የምንበትነው።

የውሃ_ልክ (ባሕር ዳር)
ወይ ጉድ። ዱቄቱን እንዲሁ ከበተንከው ግማሹ ሳይበላ ይሰምጣል፣ ሽንኩርቱም በውሃ ታጥቦ ይሄዳል። ትንሽ የስንዴ ዱቄት እንደ አጥሚት አፍልተህ ማጣበቂያ አድርገው። ፋጉሎውን በወንፊት ነፍተህ ከፉሩሽካው ጋር ለውሰው። በእጅ የሚዞረውን የሥጋ መፍጫ ታውቀዋለህ? በዚያ ስታሳልፈው እንደ መኮሮኒ እየረዘመ ይወጣል። ጥላ ላይ አድርቀህ በእጅህ ሰባብረው። ፀሐይ ላይ አታስጣው። ደግሞ በየሁለት ሦስት ቀኑ አዘጋጅ እንጂ የወር አታከማች። ፋጉሎው ከሻገተ ደግሞ ጣለው፣ ሻጋታው የሚያመነጨው መርዝ ጉበታቸውን ይጎዳል፣ በሽታ የመቋቋም አቅማቸውን የሚያፈርሰው እሱ ነው። የሻገተ ፋጉሎ እየሰጡ ሽንኩርት መጨመር በቀዳዳ ጆንያ እህል መሙላት ነው።

እማዋይሽ_ጓዳ (መራዊ)
ቆይ ቆይ ቆይ። ሁላችሁም ሽንኩርት ውስጥ ገብታችሁ ልጁ መጨረሻ ላይ የጻፈውን አላያችሁትም። የኩሬው ዳር በጥቃቅን ዓሣ ተሞልቷል ብሏል እኮ! የኔ ልጅ፣ ችግርህ እሱ ነው። ቀረሶ 30 እና 40 ግራም ሲሆን ነው መውለድ የሚጀምረው። እናቲቱ ዕንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ ታሳድጋለች፣ ያን ጊዜ አትበላም፣ አታድግም። ወንዱ ደግሞ ጎጆ ሲቆፍርና ሲጣላ ይውላል። አሁን ኩሬህ ውስጥ ያለው 400 አይደለም፣ ስንት ሺህ እንደሆነ እግዜር ይወቀው። ያንኑ ፉሩሽካ ለሺህ እያካፈልክ ነው። እኔ ቆጋ ግድብ አጠገብ ሁለት ኩሬ አለኝ፣ እንዲህ ሲሆን በዓይኔ ነው የማውቀው። ለዚህ ሽንኩርት ምንም አይሠራም። እንዲያውም ምግብ ፍላጎታቸውን ከከፈተው ይብስብሃል።

ሞኝህን_ፈልግ (ደብረ ማርቆስ)
እትዬ፣ እጅዎ ይባረክ። ይኸው አንድ ሰው ተገኘ።

ላህ_ማዶ (ፍኖተ ሰላም)
እንዴ! እኛ እኮ ጮቤ ስንረግጥ ነበር። እና እትዬ፣ ምን ይሻለናል?

እማዋይሽ_ጓዳ (መራዊ)
መጀመሪያ ጥቃቅኑን በጠባብ መረብ እያወጣችሁ አሳንሱ። ሽጡት፣ ለሌላ ኩሬ ስጡት፣ አድርቃችሁ ፈጭታችሁ ለዶሮ መኖ አድርጉት። ሁለተኛ፣ ትንንሽ አምባዛ ልቀቁበት። አምባዛ ጫጩቱን እየለቀመ ይበላል። ግን ስትለቁት ከትልልቆቹ ቀረሶዎች ማነሱን እዩ፣ ካለዚያ ዋናውን ነው የሚያወድምባችሁ። ሦስተኛውና ዋናው ለሚቀጥለው ዙር ወንዱን ብቻ መርጦ መልቀቅ ነው።

ይህ ደግሞ ቀላል ነው፣ እጅ ይለምደዋል። ዓሣውን ገልብጣችሁ ሆዱን ወደ ላይ አድርጉ። ከፊንጢጣው ቀጥሎ ትንሽ ጉብ ያለች ነገር አለች። ወንዱ እሷ ላይ አንድ ቀዳዳ ብቻ ነው ያለው፣ ጫፏ ላይ። ሴቷ ግን መሐሏ ላይ አግድም የተሰነጠቀች ሌላ ቀዳዳ አላት። ዓይን ካስቸገራችሁ ጄንሽን ቫዮሌት የሚባለውን የቁስል ቀለም በጥጥ ነካ አድርጋችሁ እሹበት፣ ስንጥቁ ቀለሙን ይይዝና ፍንትው ብሎ ይታያል። ከ25 ግራም በላይ ሲሆኑ ነው የሚለየው። እጃችሁን በውሃ አርጥቡ፣ በደረቅ እጅ ስትይዙት ልሃጩን ትገፉበታላችሁ፣ ያ ጥጥ የመሰለው ነገር የሚገባው እዚያ ላይ ነው።

የውሃ_ልክ (ባሕር ዳር)
እትዬ በትክክል ተናግረዋል፣ ያቺን መስመር እኔም ዘልያት ነበር። ጥጡ ሻጋታ ነው፣ የውሃ ሻጋታ። በመረብ ስትመዝኑ የተፋቀ ገላ ላይ፣ ውሃ ሲቀዘቅዝ ይይዛል። አሁን ጓደኛህ ስለሚለው ቴትራሳይክሊን፦ አንቲባዮቲክ ሻጋታ አይነካም። ባክቴሪያን ነው የሚገድለው። ኩሬ ውስጥ ስትበትነው ቆሻሻውን የሚያብላሉትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ትጨርሳለህ፣ የማይሞተውን ደግሞ ታለማምደዋለህ፣ ዓሣው ሥጋ ውስጥም ይቀራል። ባለሙያ መርምሮ ካላዘዘ አትንኩት።

ለሻጋታው ጨው ይበቃል። 20 ሊትር በሚይዝ ባልዲ 200 ግራም ጨው አሟሙ፣ የታመሙትን ጥቂት ጥቂት እያደረጋችሁ ንከሩ። እስከ ግማሽ ሰዓት። አጠገቡ ቁሙ፣ ዓሣው መገልበጥ ከጀመረ ወዲያው ወደ ንጹሕ ውሃ።

ዘነዘና (ባሕር ዳር)
እሺ ተረታሁ በሉኝ አልልም 😄 ሽንኩርቱ ግን ይሠራል ተብሏል። ሽፈራውስ?

የውሃ_ልክ (ባሕር ዳር)
ሽፈራው ለየት ይላል። እሱን እንደ መድኃኒት ሳይሆን እንደ ምግብ እየው። የደረቀው ቅጠል ከሩቡ በላይ ፕሮቲን ነው። ግን ሳፖኒንና ታኒን የሚባሉ ንጥረ ነገሮችም አሉት፣ ሲበዛ መኖው አይፈጭላቸውም፣ እድገታቸው ይቀንሳል። ቀረሶ ላይ ሲሞከር ከመኖው ፕሮቲን አንድ አሥረኛውን በሽፈራው ቅጠል መተካት ምንም ጉዳት አላመጣም፣ ከዚያ ሲያልፍ ግን ክብደታቸው ወረደ። አብዛኛው ሙከራ ደግሞ በሕንዱ ዓይነት ነው፣ የኛው የኮንሶው ሽፈራው የዚያ ዘመድ ነው እንጂ አንድ አይደለም። ስለዚህ በትንሹ።

የጥቁር አዝሙድ፣ የዝንጅብልና የአብሽ ነገርም በሙከራ የታየ ነው፣ መጠናቸው ከነጭ ሽንኩርቱ ብዙም አይርቅም። ሁሉንም አንድ ላይ አትዘፍዝፈው። አንዱን ምረጥ፣ ወር ሁለት ወር ስጥ፣ አቁም። ከልክ ሲያልፍና ዓመቱን ሙሉ ሲሰጥ ጥቅሙ እየሳሳ ይሄዳል። የምትሰጥበትን ጊዜ ምረጥ፦ ጫጩት ከማጓጓዝህ በፊት፣ መረብ ከመጣልህ በፊት፣ ብርድ ከመግባቱ በፊት። ከታመሙ በኋላ መስጠት ብዙ አይረባም፣ የታመመ ዓሣ መጀመሪያ የሚተወው መብላት ነውና።

ባለ_ኩታው (ቢቸና)
ልጆቼ፣ እኔ ዓሣ አላረባም። ንብ ነው ያለኝ። ግን ቅጠል ሁሉ መድኃኒት ይመስላችኋልና አንድ ነገር ልበል። ብርብራን ታውቁታላችሁ አይደል? በልጅነታችን ፍሬውን ወቅጠው ወንዙ ላይ ይበትኑትና ዓሣው ሆዱን ሰቅሎ ሲንሳፈፍ በቅርጫት ይለቅሙት ነበር። በእኛ አካባቢ አንድ ልጅ ኩሬ ቆፍሮ ከወንዝ ጠልፎ ሲያጠጣ፣ ከበላዩ ብርብራ የበተኑ ሰዎች ዓሣውን በአንድ ቀን ፈጁበት። ምንጩን ሳታውቁ ውሃ አታስገቡ። እንኳን ሌላ፣ እንዶድም አለ።

የውሃ_ልክ (ባሕር ዳር)
አባባ፣ እግዜር ይስጥዎ። ይህን ሁሉም ሊያነበው ይገባል። ብርብራ ፍሬው ውስጥ ሮተኖን የሚባል መርዝ አለ። ዓሣው ውሃ ውስጥ ኦክስጅን እያለ ሰውነቱ ሊጠቀምበት አይችልም፣ እዚያው ታፍኖ ይሞታል። እንዶድም እንዲሁ ነው፣ ሳፖኒኑ መተንፈሻ ስንጥባቸውን ያበላሻል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በፈረንጆች 1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ነው ለቢልሃርዝያ የሚሆነውን ምርምር የጀመሩት። ቀንድ አውጣ የገደለው ዓሣም ይገድላል። ከኩሬያችሁ በላይ ልብስ በእንዶድ የሚታጠብ ከሆነ ነገሩን ተነጋገሩበት። ኒም የምትሉም እንዳላችሁ አውቃለሁ። ተባይ የሚገድለው ራሱ ዓሣንም ስለሚጎዳ ከኩሬ አርቁት።

ሞኝህን_ፈልግ (ደብረ ማርቆስ)
እንግዲህ "የተፈጥሮ ስለሆነ አይጎዳም" የምትሉ ሰዎች፣ ብርብራም የተፈጥሮ ነው። እኔ ደግሞ አንድ ልጨምር። እዚህ ማርቆስ ላይ ሰው ቀረሶ አላድግ አለኝ ይልና መድኃኒት ይፈልጋል። ቴርሞሜትር ግን የለውም። እኛ ወደ 2400 ሜትር ላይ ነን። ቀረሶ የሚወደው ከ26 እስከ 30 ዲግሪ ነው። ከ20 በታች ሲወርድ አበላሉ ይቀንሳል፣ 16 ሲደርስ አፉን ይዘጋል። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊት እዚህ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል። ነጭ ሽንኩርት ውሃ አያሞቅም። ፍኖተ ሰላም ከኛ ይሻላል፣ ደጀን ወርዶ ወደ ዓባይ በረሃ ደግሞ የበለጠ።

ላህ_ማዶ (ፍኖተ ሰላም)
ቴርሞሜትር የለንም፣ እንገዛለን። የውሃውን ደግሞ እንዴት እንወቀው? አረንጓዴ ነው፣ ጠዋት ጠዋት ዓሦቹ ላይ ላዩን አፋቸውን ከፍተው ይታያሉ።

የውሃ_ልክ (ባሕር ዳር)
ጎሽ፣ ጥሩ ጥያቄ። ጠዋት አፍ መክፈት ማለት ኦክስጅን አልቋል ማለት ነው። አረንጓዴው ቀን ኦክስጅን ይሠራል፣ ሌሊት ራሱ ይበላዋል። ክንድህን ቀጥ አድርገህ አስገባ። መዳፍህ ክርንህ ሳይሰጥም ከጠፋብህ በዝቷል፦ አተላውን አቁም፣ ፍግ አትጨምር፣ ንጹሕ ውሃ አስገባ። ክርንህ ሰጥሞም መዳፍህ ከታየህ ደግሞ ሳስቷል። አሁን ዓሣህ በብዛት ተጨናንቋል፣ በየማለዳው ይታፈናል። በዚህ ሁኔታ ላይ ያለ ዓሣ ምን ዕፅ ቢሰጠው በሽታ አይቋቋምም።

መኖህም ደካማ ነው። ፉሩሽካና ፋጉሎ ግማሽ በግማሽ ሲሆን ፕሮቲኑ ከ25 በመቶ በታች ነው የሚመጣው። ለእንዲህ ዓይነት ቀረሶ ከ28 እስከ 32 ይፈለጋል።

እማዋይሽ_ጓዳ (መራዊ)
ለፕሮቲኑ ግብጦ አለ አይደል! እዚህ እኛ ጋ፣ ዱርቤቴ፣ ዳንግላ፣ የትም ይዘራል። እኔ ቆልቼ፣ እንደምንበላው አድርጌ ወንዝ ውስጥ በጆንያ ዘፍዝፌ፣ መራራው ሲወጣ አድርቄ አስፈጫለሁ። መራራው ካልወጣ ግን አይነኩትም፣ ልፋቱ መና ነው። ውጭ አገርም ለዓሣ ይሰጣል አሉ።

የውሃ_ልክ (ባሕር ዳር)
አዎ፣ አውስትራሊያ ውስጥ በተለይ። ያ መራራ አልካሎይድ ነው፣ እርስዎ እንዳሉት መውጣት አለበት። ፕሮቲኑ ከ30 በመቶ በላይ ነው፣ ከአኩሪ አተር ብዙ አይርቅም።

ዘነዘና (ባሕር ዳር)
እንቦጭስ? ጣናን የሞላው እሱ ነው፣ በነፃ ነው። ለዓሣ ቢሆን ኖሮ ከሁለት ወገን እንገላገል ነበር።

የውሃ_ልክ (ባሕር ዳር)
ሁሉም ሰው ይህን ይጠይቃል፣ ጣና ላይ ከታየበት ከፈረንጆች 2011 ጀምሮ። ከ100 እጅ ከ90 በላይ ውሃ ነው፣ የቀረው አብዛኛው ቃጫ። ከባድ ብረቶችንም ከውሃው ይስባል። ኮምፖስት አድርገው። ለዓሣ አረንጓዴ ከፈለግህ አዞላ የምትባለው ውሃ ላይ የምትንሳፈፍ ትንሽ ዕፅ ትሻላለች። አንድ ነገር ደግሞ፦ እንቦጩን ለመኖ ብሎ አጓጉዞ ኩሬው ውስጥ የጣለ ሰው እንቦጭ ዘራ ማለት ነው።

ላህ_ማዶ (ፍኖተ ሰላም)
ማኅበሩ ዛሬ ተሰብስቦ ይህን ሁሉ አነበበ። ቴትራሳይክሊን ያለው ልጅ አኩርፏል 😄 የወሰነው መጀመሪያ ጥቃቅኑን አውጥተን አተላውን እናቆማለን፣ የታመሙትን ጨው እንነክራለን። ሽንኩርቱን ብርድ ሳይገባ እንጀምራለን። ባሕር ዳር ያለው የዓሣ ምርምር ማዕከልም ወንድ ብቻ ጫጩት ካለው እንጠይቃለን። ግን መረብ ቶሎ ካላገኘን፣ መራባታቸውን የሚያቆም ዕፅ የለም?

የውሃ_ልክ (ባሕር ዳር)
አለ፣ ለዚህ እንኳ ተሞክሯል። የፓፓያ ፍሬ፣ ጥቁሩ። ናይጄሪያ ውስጥ ወንድ ቀረሶ ላይ ሞክረው በአነስተኛ መጠን የመራቢያ ክፍሉን ሥራ ሲያዳክም፣ ሲበዛ ደግሞ ሲጎዳው አይተዋል። አድርቆ ፈጭቶ ከመኖ ጋር ነው። ወንድ መምረጥን ግን አይተካም፣ እትዬ ያሉትን ተማሩ።

ዘነዘና (ባሕር ዳር)
ፓፓያው ከሆነ ጁስ ቤቶች ፍሬውን ይጥሉታል። ማታ ሊዘጉ ሲሉ ባልዲ ይዘህ ሂድ፣ በነፃ ነው። ግን ያኑ ቀን እጠበውና አስጣው፣ ካደረ ይሸታል።